ሽቦን ማን ይሠራታል?

እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ይገርመኛል። ሰፈሩም፣ ደንበኞቿም፣ የፀጉር ቤቱ ባለቤትም «ሽቦ» ነው የሚሏት፤ ነፍሱን ይማረውና ባሏ እንኳ በሕይወት ሳለ «ሽቦዬ» ይላት ነበር። ስሙ የወጣላት በጣቶቿ ነው። ሹሩባ ልትሠራ ፀጉሩን ከሥሩ ያዝ አድርጋ ሳብ ስታደርገው፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ ቅንድቧ ሽቅብ ይወጣል፣ አፏም ሳትወድ ፈገግ ይላል። «ሽቦ የሠራቻት ሴት ለቅሶ ቤት አትሂድ፣ ሳቀች ተብላ ትታማለች» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ታዲያ ይህ ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ሙገሳ ነው። ሳምንት ሳይሞላው የሚላላ ሹሩባ ምኑን ሹሩባ ሆነ? የሽቦ ሹሩባ ዝናብ ይወርድበታል፣ ይታጠባል፣ ይተኙበታል፤ ከርሞም ትናንት የተሠራ ነው የሚመስለው። ሴቶቹ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ይመጣሉ፣ በሩ ጋ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ፣ ሌላ ሰው ይሥራችሁ ሲባሉ ይቆጣሉ። ሽቦም ይህን ታውቃለች። በዚህ ዓለም ላይ ሌላ ብዙ የምትኮራበት ነገር የላትም፤ በእጇ ግን ትኮራለች።

ቤቱ ጠባብና ረጅም ነው። ሁለት መስታወት፣ ሁለት ወንበር፣ በጥፊ ካልመቱት የማይሞቅ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው የሚያሳይ መስኮት። በሁለተኛው ወንበር የምትሠራው የሽቦ የድሮ ጓደኛ ናት፤ እሷን ደግሞ «ጥጥ» ይሏታል። እጇ ለስላሳ ነው። ጥጥ ጋ የተቀመጠች ሴት ጥቂት ቆይታ ማዛጋት ትጀምራለች፣ ከዚያ አንገቷ ወደ ጎን ይወድቃል፣ ሹሩባው ሲያልቅ ቀስቅሰዋት ነው የምትሄደው።

«አንቺ እኮ ሹሩባ አትሠሪም፣ እሹሩሩ ነው የምትዪው» ትላታለች ሽቦ።

«ያንቺዋ እያለቀሰች ትወጣለች፣ የኔዋ እያዛጋች» ትላለች ጥጥ ቀና ሳትል። «የትኛዋ ጠላት እንዳላት እንጃ።»

«ያንቺዋማ በሳምንቱ ተፈትቶባት ትመለሳለች፣ ሰነፍ!»

«እንኳን ተመለሰች። ናፍቃኝ ነበር።»

እንዲህ ሲጨቃጨቁ ነው የኖሩት። ተኳርፈው አያውቁም።

ሽቦ ሌላም ዝና አላት፤ ዘይቷ። እቤቷ ነው የምታዘጋጀው። ጉሎ ዘይቱን ለብ አድርጋ የሮዝመሪ ቅጠል ትነክርበታለች፣ ሲቀዘቅዝ አጥልላ በቡናማ ጠርሙስ ትሞላዋለች። መቀባቱ ላይ ሲደርስ የእሬት ቅጠል ሰንጥቃ ዝልግልጉን በማንኪያ እየፋቀች ትደባልቅበታለች። አቀባቡም ወግ አለው፤ «በጥፍር አይደለም፣ በጣት ጫፍ! ራስ ቅል እኮ ድስት አይደለም፣ አይፈተግም» ትላለች። ፀጉሬ ረገፈ ብላ የመጣች ሁሉ ያ ጠርሙስ ይከፈትላታል።

ሁሉን በዘይት ታክም ነበር እንዳትሉ ግን። ሞኝ አይደለችም። በእጇ ያለፈው ራስ ስንትና ስንት ነው! የወለደች ሴት መጥታ «በጭብጥ በጭብጥ እየወጣልኝ ነው፣ መላጣ ልሆን ነው» ብላ ስታለቅስ፣ «ልጁ ቆሞ እስኪሄድ ታገሺ፣ ራሱ ይመለሳል፤ ያረገዝሽ ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ነው አሁን የሚወርደው» ብላ ታጽናናታለች። ኃይለኛ ትኩሳት ታማ የተነሳችም እንዲሁ። የዓይኗ ቆብ ውስጡ ነጥቶ ካየች «ደምሽ አንሷል፣ ተመርመሪ» ትላለች። ክብ ሆኖ የተላጠ፣ ቅርፊትም ያለው ካየች ማበጠሪያዋን ሰብስባ «ይኼ ቆረቆር ነው፣ ሐኪም ቤት! ዛሬውኑ!» ብላ ታስነሳታለች። ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል አብዝታ ራሷ የተቃጠለባትንማ ተቆጥታ ተቆጥታ አይወጣላትም።

ተጠራጣሪ ደንበኛ ከመጣች ደግሞ የመጨረሻ ማስረጃዋን ታወጣለች፤ ሻሿን ትፈታለች። ስልሳን የተሻገረች ሴት ናት፤ ፀጉሯ ግን ገብስማ ሆኖ ትከሻዋ ላይ ይደፋል፣ ከግንባሯ ጫፍ እስከ ጆሮ ግንዷ ጥቅጥቅ ያለ ነው። «ይኸውላችሁ!» ትላለች። «ይኼ የዘይቱ ሥራ ካልሆነ የማን ነው?» ሻሿን መልሳ ጠምጥማ ወደ ሥራዋ።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ናት የገዛ ልጇ ፀጉር የሸሸባት።

አንድ ልጅ ነው ያላት፤ ሴት። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት፣ አግብታ አንዲት ልጅ ወልዳለች፣ ቤቷም ከእናቷ ቤት ብዙ አይርቅም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እሑድ ከሰዓት በኋላ የእናትና ልጅ ነው። ሽቦ ሶፋው ላይ፣ ልጅቷ እግሯ ሥር ትራስ ላይ፣ ጭንቅላቷ በእናቷ ጉልበት መካከል። መጀመሪያ ያረጀው ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ዘይቱ ይቀባል፣ ከዚያ ሹሩባው። አባቷ የሞተ ሰሞን ሳይቀር አልተቋረጠም። አግብታም አልተቋረጠም። ሌላውን ቀን ሽቦ ከማለዳ እስከ ማታ ቆማ ስትሠራ ውላ፣ እግሯ አብጦ ገብታ፣ «በልተሻል? ታጥበሻል? ተኚ» ከማለት በቀር አቅም አልነበራትም።

እና አንድ እሑድ ያረጀውን ሹሩባ ፈትታ ስታበጥር፣ ጣቷ የልጇ ጆሮ ግንድ አጠገብ ባዶ ቆዳ ነካ። ገለጥ አድርጋ አየች። ከቅንድቡ ጫፍ በላይ ያለው ቦታ በሁለቱም በኩል ተገልጧል፤ አንደኛው ወገንማ ያብረቀርቃል። ሽቦ ክው አለች።

«አንቺ! ይኼ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ግንባርሽ! ሽቅብ እየወጣ ነው እኮ!»

«ዕድሜ ነው እማዬ።»

«የምን ዕድሜ? የኔ ወይስ ያንቺ? ገና በሠላሳዎቹ ያለሽ ልጅ!»

ልጅቷ ሻርፕ አንስታ ራሷ ላይ ጣል አደረገች። ለካ ትምህርት ቤትም ሻርፕ ማሰር ከጀመረች ሰንብታለች። አንዱ ተማሪዋ ጠጋ ብሎ «ቲቸር፣ ግንባርሽ ትልቅ ሆነ» ብሏታል፤ ሕፃን ምን ይደብቃል። ይህንን ስትነግራት ስቃ ነው የነገረቻት። ሽቦ ግን አልሳቀችም። ስንቱን ራስ አድኛለሁ የምትል ሴት የልጇ ራስ እጇ ላይ ሲራቆት! «ይህን ፀጉር ካልመለስኩ ሽቦ አትበሉኝ!» ብላ ማለች።

ከዚያ ዘመቻው ተጀመረ። መጀመሪያ ደም ነው አለች፤ ጉበት፣ ምስር፣ ቆስጣ በሰሃን ሞልታ እያመላለሰች አስበላቻት። ተመረመረች፣ ደሟ ደህና ሆነ። የአንገት ዕጢ ነው አለች፤ እሱም ታየ፣ ደህና ሆነ። ውሃው ነው አለች፤ ውሃ አፍልታ አቀዝቅዛ በጀሪካን ላከችላት። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ነው የሚያናድዳት አለች፤ ሰውየውን አይታው አታውቅም፣ ሆኖም ሳምንት ሙሉ ረገመችው። ቀጥሎ የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ መጣ። ጨምቃ፣ አጥልላ፣ ቀባቻት፤ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ልጆቹ አየሩን እያሸተቱ «ቲቸር፣ ምሳ ደረሰ እንዴ?» አሏት። አብሽ ዘፍዝፋ አማስላ ለቀለቀቻት፣ የእንቁላል አስኳል ቀባቻት። ዘይቱማ ሳይቋረጥ ነው፤ የልጅቷ ባል «የትራስ ልብስ መግዛት ሰለቸኝ» ብሎ አጉረመረመ።

የቀባችውን ቀብታ ስትጨርስ ደግሞ ሹሩባውን ትሠራለች። ከድሮው ይበልጥ አጥብቃ! የራሷ ፍልስፍና ነበራታ። «ፀጉር የሚረግፈው ሲንከራተት ነው። ከታሰረ ያርፋል» ትል ነበር። ዘይት የጠጣ ፀጉር ደግሞ እሺ ባይ ነው፣ የሳቡትን ያህል ይሳባል።

ወራት አለፉ። ፀጉሩ አልተመለሰም፤ እንዲያውም ባሰበት። ልጅቷ ለብቻዋ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዳ መጣች።

«ምን አለሽ?» አለች ሽቦ፣ ልጅቷ ገና በሩን ሳታልፍ።

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ሐሳብ አታብዢ አለኝ።»

«ይኸው ነው? ይኼንንማ እኔም በነጻ እነግርሽ ነበር!»

ልጅቷ በሚቀጥለው እሑድም መጣች፣ ትራሱ ላይ ተቀመጠች፣ ጭንቅላቷን አስጠጋች። ሽቦም አጥብቃ ሠራቻት።

አሁን ደግሞ የልጅ ልጇ። ስሟን ትተን ሽቦ እንደምትጠራት «ሚጢጢ» እንበላት፤ አራት ዓመቷ ነው፣ ምላሷ ግን የአርባ ዓመት ሴት ነው። ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ እስኪደርስ ሽቦ ቀን ስትቆጥር ነው የኖረችው። የእናቷን የሕፃንነት ማበጠሪያ ሳይቀር አስቀምጣላት ነበር፤ ቀይ፣ አንድ ጥርሱ የወለቀ። አንድ እሑድ እናትየዋ በረንዳ ላይ የሽቦን አንሶላ ስታሰጣ፣ አያት ሚጢጢን ትራሱ ላይ አስቀመጠቻት። ማበጠሪያውን አወጣች። ፀጉሩን መሐል ለመሐል ከፈለችው። ደስታዋን መግለጽ ያስቸግራል፤ እጇ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ነበር የሚቸኩለው። ጆሮ ግንዷ ጋ ያለውን ቀጭን ዘለላ ያዘችና ሳብ አደረገችው።

«ዋይ!» አለች ሚጢጢ። «አያቴ ያማል!»

«እሽ እሽ፣ የኔ ቆንጆ፤ ያምራል ብለሽ ቻይው።»

በረንዳው ላይ አንሶላው ከነውሃው ዷ ብሎ ወደቀ። ልጅቷ እየሮጠች ገብታ ሚጢጢን ከትራሱ ላይ ብድግ አደረገቻት።

«እማዬ፣ ልቀቂያት!»

«ምን ሆንሽ? ሹሩባ እኮ ነው የምሠራት!»

«እንዳትሠሪያት።»

«ምን አልሽ?»

«እሷን እንዳትነኪያት ነው የምልሽ! ይሠራላት ከተባለም ጥጥ ትሥራት።»

ጥፊ ብታቀምሳት ይሻላት ነበር። ጥጥ! ከዓለም ሰው ሁሉ ጥጥ! ልጅቷም የተናገረችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት፤ ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ ሚጢጢን እንዳቀፈች፣ ግማሽ ፀጉሯ እንደተበተነ፣ ይዛት ወጣች። ሽቦ ማበጠሪያውን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ቀረች። አንሶላው በረንዳ ላይ እንደወደቀ አደረ።

በማግስቱ ሥራ ስትገባ ለጥጥ ደህና አደርሽም አላለቻትም። ጥጥም «ምን አጠፋሁ?» ብላ ሁለቴ ሞክራ ተወቻት። ሽቦ የዚያን ቀን ከወትሮው አብልጣ አጠበቀች። አንዷን ደንበኛ «አንቺ ሴት፣ ነፍሴን ልታወጪ ነው?» አስባለቻት።

ከቀትር በኋላ አንዲት ወጣት ገባች። አክስቷ ናት ያመጣቻት፤ አክስትየዋ የሽቦ የጥንት ደንበኛ ናት፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ድረስ ስባ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ወጣቷ ለሽቦ አዲስ ነች፣ ጨዋ ነገር ነች፣ ወንበሩ ላይ ሆና በመስታወቱ ውስጥ እያየቻት ጨዋታ ፈለገች።

«እትዬ፣ እርስዎንስ ማን ነው የሚሠራዎት?»

ሽቦ ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አላት። «እኔን የሚሠራ እጅ ገና አልተወለደም!» አለች። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ጥጥም ሳቀች።

እውነቷን ነበር። እናቷ በሽተኛ ስለነበረች ልጅ ሆና ሹሩባ የሚሠራት አልነበረም፤ አሳጥረው ያስተካክሏት ነበር። ካደገች በኋላ ደግሞ የማንም እጅ አልጥምሽ አላት፤ የጥጥማ አይነሳ። ስለዚህ ዕድሜ ልኳን ፀጉሯን ጠቅለል አድርጋ በሻሽ ሥር ነው ያኖረችው። የሰው ራስ ስትስብ የኖረች ሴት የሷን ራስ ማንም ስቦት አያውቅም።

ሳቁ ሳያልቅ የሷ ሳቅ ግን አፏ ላይ ቀረ።

መስታወቱን አየች። ሻሿ ላላ ብሎ ከሥሩ የራሷ ፀጉር ይታያል፣ ጥቅጥቅ እንዳለ። ወደ አግዳሚው ዞረች። «እስቲ ሻሽሽን ፍቺው» አለቻት አክስትየዋን። ሴትየዋ አፈረች፣ ግን ፈታችው። ጆሮ ግንዷ ጋ በሁለቱም በኩል ባዶ ነበር፤ ልክ እንደ ልጇ፣ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ቅርጽ። ይህችም ሴት ዘይቱን ትቀባለች። ሁሉም ይቀባሉ። ወደ ጥጥ ወንበር ዞረች። የጥጥ የዘመን ደንበኛ አፏን ከፍታ አንቀላፍታለች፤ እሷን ዘይት የሚባል ነገር ነክቷትም አያውቅ፣ ፀጉሯ ግን ግንባሯ ድረስ ወርዷል።

ሽቦ ጋ የሚመጡት ሁሉ ዘይቱን ተቀብተዋል። ዘይቱን ከተቀቡት መካከል ግን ፀጉሯ ሙሉ ሆኖ የተረፈው ያልተሳበችዋ ሽቦ ብቻ ናት።

እጇ ላላ። የያዘችው ዘለላ ከጣቷ ወጣ።

«ምነው እትዬ፣ አመመዎት?» አለች ወጣቷ።

«ጥጥ» አለች ሽቦ፣ ድምፅዋ ተለውጦ። «እስቲ ይህችን ልጅ ተቀበይኝ።»

በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አይታወቅም። ጥጥ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሽቦ ሽርጧን ፈትታ መንጠቆው ላይ ሰቀለች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ታውቂ ነበር?»

«ምኑን?»

«እጄን።»

ጥጥ ቀስ ብላ «'አላልተሽ ሥሪ' ስልሽ 'ሰነፍ' ትዪኝ አልነበር?» አለች። አሽሙር አልነበረም። አዝና ነው ያለችው።

ልጇ ከትምህርት ቤት ገብታ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተማሪ ደብተር እያረመች ነበር። ሚጢጢ ጠረጴዛው ሥር ከአሻንጉሊቷ ጋር ትጣላለች። ሽቦ ሳታንኳኳ ገባች፣ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ስለ ትናንቱ ያነሳችው ነገር የለም።

«ያ ሐኪም» አለች፣ «ከሁሉ በፊት ምን ብሎ ነው የጠየቀሽ?»

የልጅቷ ቀይ እስክሪብቶ ቆመ። እናቷን አየቻት፤ ከፊቷ ላይ ሁሉንም አነበበችው።

«'ማን ነው የሚሠራሽ?' አለኝ።»

«አንቺስ?»

«ጎረቤት አልኩት።»

ሽቦ መንገዱን ሁሉ ስታለቅስ ልትመጣ ትችል ነበር፣ አላለቀሰችም። ይህን ስትሰማ ግን አልቻለችም። ጎረቤት! ማንነቷን በማያውቀው ሰው ፊት እንኳ የእናቷን ስም ለማዳን ዋሽታለች። በመዳፏ አፏን ይዛ አለቀሰች፤ ልጅቷም ብድግ ብላ ውሃ ቀዳችላት፣ ሽቦ ግን ሳትጠጣው ያዘችው።

«ከዚያ ወዲህ ስንት እሑድ መጥተሽ እግሬ ሥር ተቀመጥሽ» አለች ሽቦ። «እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ።»

«ምነው? እብድ ነሽ? ፀጉርሽን እየነቀልኩት እኮ ነው! አንድ ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ልጅቷ የእስክሪብቶውን ክዳን ትከፍትና ትዘጋ ጀመር። «ብነግርሽ ትተዪኝ ነበር» አለች።

«እሱን ነው እኮ የምልሽ!»

«እማዬ፣ ሌላ ጊዜ መቼ ነው ራሴን የምትነኪኝ?»

ሽቦ አሰበች፣ ወደ ኋላ ሄዳ ፈለገች፤ የትምህርት ቤት ቀን፣ የበሽታ ቀን፣ የሠርጓ ቀን። የሠርጓ ቀንም የነካቻት ሹሩባ ልትሠራት ነው። ልጇን አትወድም ነበር የሚል ካለ ከኔ ጋር ይጣላል፤ ግን ሰው የሚሰጠው ያለውን ነው፣ እሷ ደግሞ ያላት እጅ ነበር፣ እሱም የሚያውቀው ሥራውን ብቻ ነው።

«ይመለሳል ወይ?» አለች በመጨረሻ።

«ካልተሳበ፣ የሳሳው ይመለሳል አለ። ያብረቀረቀው ግን... እንጃ። ላይመለስ ይችላል።»

«ዘይቱስ?»

«አይጎዳም አለኝ። የሚስበው እያለ ግን ምን ያደርጋል።»

ሚጢጢ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ አለች። «አያቴ ለምን ታለቅሳለች?»

«ሽንኩርት ስትልጥ ነበር» አለች እናቷ።

«ሽንኩርት የታለ?» አለች ሚጢጢ። ምን ያመልጣታል!

ሽቦ በማግስቱ ሥራ ገብታ ለደንበኞቿ አስታወቀች፤ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ድሮው አላጠብቅም። አንዳንዷ ደስ አላት፣ አንዳንዷ ሰይጣን የገባባት መሰላት። አንዷማ «ታዲያ ምን ልታደርጊልኝ መጣሁ? ላላ ያለውንማ ጎረቤቴም ትሠራኛለች» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ሽቦ «ጎረቤት» የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ ጭፍግግ አለ፣ ሌላ ነገር አስታውሷት ነው። አክስትየዋን ግን ጠርታ አስቀመጠቻት፣ ሹሩባዋን በሙሉ ፈታችላት፣ «ይረፍ፣ ለጥቂት ወራት ምንም አትሠሪ» አለቻት፣ ይቅርታም ጠየቀቻት። ሽቦ ይቅርታ ስትጠይቅ ጥጥ በመስታወቱ ውስጥ አይታ ካስኩን ያለ ምክንያት በጥፊ መታችው።

ማላላት መማር ደግሞ ማጥበቅ ከመማር ይብሳል። ጣቷ እምቢ አላት። ጥጥ አጠገቧ ቆማ ታስተምራታለች፤ «የተሠራው ላይ ትንሿን ጣትሽን አስገቢ፣ ካልገባች ፍቺው። ቆዳው ካበጠ ፍቺው። ሴትየዋ ከሳቀች ፍቺው።» ሽቦ ትፈታለች፣ እንደገና ትሠራለች፣ ትሳደባለች። «ስንፍና እኮ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለቻት አንድ ቀን። ጥጥ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

እሑድ ደረሰ። ልጅቷ ትምጣ አትምጣ ሽቦ አታውቅም፤ ሹሩባ ከሌለ ምን ሊያመጣት? ከምሳ በኋላ ግን ትራሱን እንደ ወትሮው ሶፋው ሥር አስቀመጠች፣ ዘይቱን ለብ አደረገች፣ የእሬቱን ቅጠል ሰነጠቀች። ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ሚጢጢን ይዛ ቆማለች፣ ሻርፕ አላሰረችም።

«ግቢ» አለች ሽቦ። «ተቀመጪ።»

ልጅቷ ተቀመጠች። ሽቦ ጣቶቿን ዘይቱ ውስጥ ነክራ ከማጅራቷ ጀመረች፣ ቀስ እያለች ወደ ላይ። ወደ ጆሮ ግንዷ ስትደርስ እጇ ፈራ። ባዶውን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ አንደኛው በኩል አልፎ አልፎ ስስ ፀጉር መሳይ ነገር ይነካል፣ ሌላኛው በኩል ልሙጥ ነው። ሁለቱንም እኩል አሸቻቸው።

«ሹሩባውስ?» አለች ልጅቷ፣ ዘይቱ ሲያልቅ።

«የለም።»

«ታዲያ አልቋላ። ልነሳ?»

«ዝም ብለሽ ቁጭ በዪ» አለች ሽቦ። «ልነካሽ ነው።»

የልጅቷ ትከሻ ቀስ በቀስ ወረደ፣ ጭንቅላቷ እየከበደ መጣ፣ በመጨረሻ ጉንጯ እናቷ ጉልበት ላይ አረፈ። ትንሽ ቆይቶ አፏ ተከፈተ። በሽቦ እጅ ሥር ሰው እንቅልፍ ሲወስደው ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ሽቦ እግሯ ደነዘዘ፣ ግን አልተነቃነቀችም።

ሚጢጢ ቀዩን ማበጠሪያ ይዛ በእግር ጣቷ እየሄደች መጣች።

«አያቴ» አለች በሹክሹክታ፣ «ቀጥሎ እኔ ነኝ።»

«እሺ የኔ እናት» አለች ሽቦ። «እናትሽን እንዳትቀሰቅሻት ብቻ።»